ሳይደርቅ አይነጠፍም

እየሩስ የመታጠቢያ ቤቱን በር ስትከፍት ለሥራ የተጠራው ሰው ካልሲውን አውልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በጣውላው ወለል ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሳቋ አመለጣት።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ጉብታ እየፈለግሁ ነው። በእግሬ ነው የማገኘው» አለ አናጢው ምናለ። ዓይኑን ገልጦ ሲያያት ግን ጉብታውንም ወለሉንም ረሳ።

አባቷ፣ የዜማ መምህሩ መሪጌታ ወልደ ሰንበት፣ በአሮጌው ፎቅ ቤታቸው በዚያ ወጣ ገባ ወለል ተደናቅፈው ወድቀው ነበር። እየሩስ የፕላስቲክ ምንጣፍ ገዝታ ዝም ብላ ልታነጥፍበት ስትል ምናለ ከለከላት። ከሥር ያለው ጉድለት ሁሉ ምንጣፉ ላይ ይወጣል አላት። ሦስት ቀን ሙሉ ምስማሩን እያስገባ፣ ከፍ ያለውን እየላገ፣ ስንጥቁን በስቱኮ እየሞላ ቆየ። እሷም ሦስቱንም ቀን ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት እየተቻኮለች ተመለሰች። የደብረ ማርቆስ ባጃጅ እንደዚያ ተንቀርፍፎባት አያውቅም!

በአራተኛው ቀን፣ ደስ ይበለው ብላ፣ ወለሉን በውሃ ፈትጋ አጠበችለት።

ምናለ ሲያየው ራሱን ያዘ። «እንጨቱ አበጠ እኮ! ሦስት ቀን ሳይደርቅ አይነጠፍም።»

«እኔ... ንጹሕ እንዲሆን ብዬ...»

«ግድ የለም» አለ እየሳቀ። «ደብረ ኤልያስ ረጅም ሥራ ይዣለሁ። ከመሄዴ በፊት እጨርስልሻለሁ።»

ልትሄድ ነው? ልትለው ፈለገች፤ ግን ባልዲዋን አንስታ ወጣች።

ሦስቱ ቀን አልፎ ሲመለስ ወለሉ እንደገና በውሃ ርሷል!

«አሁንስ በዛ!» አለ ፊቱ ጠቁሮ። «ሥራዬን ካልወደድሽው ንገሪኝና ልሂድልሽ።»

«ማርያምን! እኔ አይደለሁም!»

መሣሪያውን መሰብሰብ ጀመረ። እንባዋ መጣ።

«እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ተሰማ። መሪጌታ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው ባዶ ጆግ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«መሪጌታ! እርስዎ?»

«እኔ ነኛ! አንተ ልትሄድ ነው፤ እሷን እህል አልበላ ብሏታል። አንተም ያንኑ አንድ ጣውላ ሦስት ጊዜ ስትልግ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሉ፣ እስኪደርቅ ሦስት ቀን አላችሁ፤ ተነጋገሩ።» ከዘራቸውን እያንኳኩ ሄዱ።

«እውነት ሦስት ጊዜ ላግኸው?» አለች እየሩስ።

«አራት» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሥራው እንዳያልቅብኝ ብዬ... እወድሻለሁ።»

«እኔም... ምነው ቀድመህ ብትለኝ!»

ምንጣፉ ያለ አንድ ጉብታ ተነጠፈ። ምናለ ደብረ ኤልያስ ቢሄድም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመለስ ነበር፤ በጥርም ሽማግሌ ላከ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እጃቸውን ታጥበው ሲመለሱ «መሪጌታ፣ ወለላችሁ እንዴት ያምራል!» አሉ።

«ሁለት ጊዜ ታጥቧል» አሉ መሪጌታ፣ ልጃቸውን ከመስጠታቸው በፊት።