ሃያ ሦስተኛው ድምፅ

የሙዚቃ ኪቦርዱን የጀርባ ብሎኖች እየፈታች ክዳን ላይ ትደረድራለች፤ አሥራ አራት ናቸው። ጠጋኟን በዚህ ሰዓት የሚያያት የተረጋጋች ይመስለዋል። ውስጧ ግን እየነደደ ነው።

ኪቦርዱ የእሱ፣ የሰርግ ሙዚቀኛው ነው። የተዋወቁት ከሁለት ዓመት በፊት የማይክ መሰኪያው ተበላሽቶበት ሲመጣ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምንም ያልሆነ ኪቦርድ ተሸክሞ እየመጣ «እስቲ እዪልኝ» ሲል ከረመ። በመጨረሻ አባቷ ዘንድ ሄዶ ለጋብቻ ጠየቃት። አባቷም፣ ሳጥን አዝሎ ሰርግ ለሰርግ ለሚዞር ሰው ልጄን አልሰጥም አሉት። ከዚያ አርባ ቀን ጠፋ። ዛሬ ጠዋት ብቅ ብሎ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ ባትሪው ተቀይሮ ውስጡ ያለው ሁሉ እንዲጠፋ፣ ቢሮ ሥራ ስለያዘ ሊሸጠው እንደሆነ ነግሯት ወጣ።

የሱቁ ደንብ ሳይሰሙ ማጥፋት አይፈቅድም። የፋብሪካው መቶ ድምፆች የትም አይሄዱም፤ ባለቤቱ ራሱ የሠራቸው ሠላሳ ሁለቱ ግን የሚኖሩት ሳንቲም በምታክል ባትሪ ነው፤ እሷ ከተነቀለች ይጠፋሉ። ጠዋት አንድ በአንድ ስትሰማቸው ሃያ ሦስተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። የራሷ ድምፅ ነበር። በዚያ በመጀመሪያው ቀን ማይኩን ስትሞክር «ይሰማል?» ያለችውን ቀድቶ አስቀምጦታል። በግራ ባሉት ቁልፎች እንደ አባቷ ይጎረንናል፣ በቀኞቹ እንደ ሕፃን ይቀጥናል።

አሮጌውን ባትሪ እንደነቀለች እሱ ገባ። ቀና ብላ አላየችውም።

«በሰው ሰርግ በእኔ ድምፅ ስትጫወት ነበር?»

«ለብቻዬ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ስትናፍቂኝ።»

«ከናፈቅኩህ ቤቱ ጠፋህ? አባቴን ጠየቅህ፣ አባቴን ሰማህ፣ አኩርፈህ ሄድክ። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«ከረባት ካሰርኩ እሳቸውም...»

«እኔ ከረባት አላገባም።»

ዓይኑ ባዶው የባትሪ ቦታ ላይ ሲያርፍ ፊቱ ተለወጠ።

«አጠፋሽው?»

«መጀመሪያ ጠይቀኝ።»

ጠየቃት። «ታገቢኛለሽ?» አላት፣ እየተንተባተበ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት።

«አሁንም ተናድጃለሁ» አለችው። «ግን እሺ። አባቴን ለእኔ ተወው። ኪቦርዱን ከሸጥከው ግን አንነጋገርም።»

አዲሱን ባትሪ አስገባች። አሮጌውን ከመንቀሏ በፊት ድምፆቹን ሁሉ ሚሞሪ ካርድ ላይ ገልብጣቸው ነበር፤ መለሰቻቸውና ሃያ ሦስተኛውን መርጣ መሀል ያለውን ቁልፍ ተጫነች።

«ይሰማል?» አለ ኪቦርዱ።

«ይሰማል» አለ እሱ።

አሥራ አራቱን ብሎኖች መልሳ አጠበቀች። ጠዋት በጻፈችው የጥገና ካርኒ ላይ «ሁሉም ይጥፋ» የሚለውን ሰረዘች፣ «ባትሪ ተቀይሯል» ብላ ጻፈችበት፣ ካቻቪቴዋንም መሳቢያ ውስጥ ከተተች።