አርባ ሥዕሎች

«መ» ብላ ጻፈች። ገጹ ደርቆ ቀረ። «መን» ስትለውም ያው።

ሥዕሎቹ ከገጹ ከተነሱ ሦስት ቀን ሆነ፤ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መፈለጊያ ገጽ ግን ዛሬም ይንቀራፈፋል። የገጹን ኮድ የጻፈችው፣ የክፍል ጓደኞቿ «ፈጣኗ» የሚሏት ልጅ፣ ኮዱን ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች። ሰኞ የኮምፒውተር መምህሩ «ምንድነው ገጹን ስታክ የሚያደርገው?» ሲሉ ምላሷ ቀድሟት ነበር።

«የሱ ሥዕሎች ናቸው ቲቸር፤ ከበዱ።»

ገጹን አብሯት የሚሠራው ሰዓሊ የክፍል ጓደኛዋ አርባ የመጽሐፍ ሽፋን በእጁ ስሎ ነበር። አልተከራከራትም። «አንቺ ካልሽ እሺ» ብሎ አንድ በአንድ ከገጹ አወጣቸው።

አሁን ቤት ውስጥ፣ ልብስ ሰፊዋ እናቷ ከጎኗ የደንበኛ ቀሚስ ላይ ቁልፍ እየተከለች የልኬት ደብተሯን ገለጥ አደረገች።

«እማ፣ ሴትዮዋን እንደገና አትለኪያትም?»

«ለየቁልፉ ልለካት እንዴ? የመጀመሪያ ቀን ለክቼ ጽፌያለሁ፤ በቃ። ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?»

ፈጣኗ ወደ ኮዷ ተመለሰች። አንድ ፊደል በተጻፈ ቁጥር ገጹ ስክሪኑ ላይ እንደ አዲስ ይገነባል፤ ይሄ ያለ ነው። እሷ ግን በተገነባ ቁጥር የስምንት መቶ መጻሕፍት ዝርዝር ከፋይሉ እንዲነበብ አድርጋለች። ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም ንባብ ትርፍ ድካም ነው። መስመሩን ለወጠች፤ ዝርዝሩ ገጹ ሲከፈት አንዴ ብቻ ተነብቦ ይያዛል።

«መንገድ» ብላ ጻፈች። ወዲያው መጣ።

ደስ ሊላት ሲገባ አፈረች። ቀስ ብላ አርባዎቹን ሥዕሎች መለሰች። ገጹ ምንም አልሆነም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አሳፈራት። አንዲት መስመር ናት፣ የራሷ መስመር። ነገ ገጹ ለተማሪው ሁሉ ሲከፈት «አስተካከልኩት» ብትል ማን ያውቃል? ትመሰገናለች። ሰዓሊው ግን ሥዕሎቹ ገጹን እንዳበላሹ አምኖ ይቀራል።

ስልኳን አነሳች። መልእክት ጽፋ አጠፋች፤ ሌላ ጽፋ ያንንም አጠፋች። በመጨረሻ ደወለች።

«ስለ ሥዕሎችህ ነው...»

«ተያቸው ባክሽ፣ ረስቻቸዋለሁ» አላት። ድምፁ ግን የረሳ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«ቆይ፣ አትዝጋው። ጥፋቱ የኔ ኮድ ነበር። መልሻቸዋለሁ፣ አርባውንም» አለች። «ነገ ቲቸር ፊት እደግመዋለሁ። መጀመሪያ አንተ እንድትሰማው ብዬ ነው።»