ጠዋት የነበረችው እሷ ናት

በቅጥነቱ የተነሣ የክሊኒኩ ሰው ሁሉ ሽቦ ይለዋል። ሥራው የኔትወርክ ነውና ስሙ ይበልጥ ጸደቀለት። የልብ ጓደኛው የክሊኒኩ ሹፌር ነበር። ሹፌሩ አለቃውን ደጅ ጠንቶ ታናሽ እህቱን ከሽቦ ጋር ሲያስቀጥራት፣ «አደራህን፣ እንደ እህትህ እያት» አለው። ሽቦ አደራውን ከልቡ ተቀበለ። እንደ እህት ማየቱ ግን ሦስት ቀን እንኳ አልዘለቀም።

ልጅቷን ሚጢ ይሏታል። አጭር ናት፤ ለመጠየቅ ግን አታፍርም።

«ይሄ ሰርቨር ሁለት የኔትወርክ ካርድ ቢኖረው የቱ የቱ እንደሆነ በምን ያውቃል?» አለችው አንድ ቀን።

«ማሽኑን የሚመራው ሊኑክስ እንዳገኛቸው ስም ይሰጣቸዋል። አንዱን ኢት ዜሮ፣ አንዱን ኢት ዋን። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ግን ሊያገላብጣቸው ይችላል።»

«ጉድ! ታዲያ እንዴት ታምነዋለህ?»

«ማን ያምነዋል! እያንዳንዱ ካርድ ከፋብሪካ ይዞት የመጣ ቁጥር አለው። ስሙን ከቁጥሩ ጋር አስረሽ ፋይል ላይ ትጽፊያለሽ። ከዚያ ወዲያ ቢገለባበጥ ከምላሴ ጸጉር ይነቀል።»

«ያንተ ምላስ መች ያርፍና ጸጉር ያበቅላል!»

ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ዓይን ለዓይን እንደተያዩ ቀሩ። የሰርቨሩ ማራገቢያ ብቻ ይጮኻል።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ከሥራ ሲወጡ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አብረው መሄድ ያዙ። እጅ ለእጅ ለመያያዝ ሦስት ወር ፈጀባቸው። «ቅዳሜ ለወንድሜ እንንገረው፤ ከሌላ ሰው ቢሰማ ይቀየመናል» ስትለው የሽቦ ልብ ቅቤ ጠጣ።

የዚያን ሳምንት ሐሙስ፣ ሰርቨሩ ላይ ሁለተኛ ካርድ ጨመረ፤ አንዱ ለክሊኒኩ የውስጥ መስመር፣ ሌላው ለውጩ። ሠራለት። ስሞቹን ከቁጥሮቹ ጋር ማሰር ብቻ ቀረው፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ። በመስኮት ቢያይ ሚጢ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። «ነገ አስረዋለሁ» ብሎ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ሞኝ!

አርብ ጠዋት ተረኛዋ ሚጢ ነበረች። መብራት ጠፍቶ መጣ፣ ሰርቨሩም ጠፍቶ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ የላቦራቶሪ ውጤት ሐኪሞቹ ጋ አልደርስ አለ። ደውላ ጠራችው። ሽቦ ሲደርስ ኮሪደሩ በታማሚ ተጨናንቋል፣ አለቃው ቱግ ብሏል።

«ማነው የነካካው?»

«እኔ አቧራ ስጠርግ አንድ ኬብል ነቅዬ ነበር» አለች ሚጢ። «ግን እዚያው ቦታው ላይ ነው መልሼ የሰካሁት።» ይህን ብላ ወደ ሽቦ ዞረች።

ሽቦ ክው አለ። ሐሙስን አስታወሰ፤ ነገሩ ወዲያው ነው የገባው። አለቃው ግን አፍጥጦበታል፣ የሰው ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ነው፤ ፈራ።

«ጠዋት የነበረችው እሷ ናት» አለ።

ውሸት አይደለም እኮ! የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

ሰርቨሩ ጋ ገብቶ አየ፤ ስሞቹ ተገለባብጠዋል፣ ኬብሎቹ ቦታቸው ናቸው። አሰራቸው፣ ማሽኑን አስነሣው፣ ውጤቱ መድረስ ጀመረ። አለቃው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሚጢን ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጣ ነገራት። ሽቦ አጠገቧ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

ቅዳሜ አልደወለም። እሑድም አልደወለም። ሰኞ ለአለቃው ሊናገር ቆርጦ ቢመጣ፣ ሹፌሩ ቀደመው። «አንተ ምን ታደርግ፣ እሷ ናት ያዋረደችኝ» ሲለው ወደ አለቃው ቢሮ ሳይገባ ተመለሰ።

ረቡዕ ግን ሆዱ አልችል አለው። እነሚጢ ቤት ሄደ። በሩን የከፈተችው እሷው ናት፤ ዓይኗ አባብጧል።

«ሚጢዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሐሙስ ካርዱን ሳላስረው ነው የወጣሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ከየት?»

«አንተ ሳትደርስ አይቼዋለሁ። ስሞቹ ተገለባብጠዋል፣ ፋይሉ የለም። የይለፍ ቃሉ አንተ ጋ ስለሆነ ነው እንጂ አስተካክለው ነበር። አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ራሱ ይናገራል ብዬ ነዋ! እዚያ ሰው መሐል ቆሜ ጠበቅኩህ። ቅዳሜም ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩህ። ስልኬን ከእጄ ሳላወርድ።»

«አሁን ሄጄ እናገራለሁ። ለሁሉም።»

«ተናገር። ወንድሜ ፊቴን ማየት አስጠልቶታል፣ መጀመሪያ ለሱ ተናገር። እኔ ጋ ግን አትመለስ። ወድጄህ ነበር፤ በጣም።»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

በዚያው ዕለት ተናገረ። አለቃው ጮኸ፣ ተቆጣ፣ ኋላም ይቅር አለው። ሚጢንም ደውሎ ይቅርታ ጠየቃት፣ ተመለሺ አላት፤ አመስግና እምቢ አለች። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ከተማ ሥራ ይዛ ሄደች።

ሹፌሩ ግን፣ ያን ዕለት ከሁሉ በፊት ሲነግረው፣ መሪውን እንደጨበጠ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

«ትወዳታለህ?» አለው።

«እወዳታለሁ።»

«ስትባረር አጠገቧ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

ሹፌሩ ሌላ አልጠየቀውም። መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ሽቦ ሰላምታ የሚሰጠው ጓደኛ እንኳ ሳይኖረው፣ እዚያው ክሊኒክ ስምንት ዓመት ሠራ።