የናሜሌው ቋጠሮ

መንገድ መሪዋ ኤልሲ መገንጠያው ላይ ስትደርስ ቆም እንኳ አላለችም። ወደ ተራራው ቀጥ ብሎ የሚወጣውን መንገድ ትታ ወደ ግራ፣ ወደ ወንዙ አዘቀዘቀች። ካልሜት ግን ቆመ። በሁለት እንጨቶች መካከል አንድ የናሜሌ ቅጠል፣ ዘንባባ መሳይ የክልከላ ምልክት፣ መንገዱን ዘግቶ ታስሯል። ቅጠሉ ደርቆ ጠቁሯል፣ ግማሹም ረግፏል። የታሰረው በማስክ ላስቲክ ነው፤ አምስት ስድስቱ አንድ ላይ ተገምደው በድርብ ተቋጥረዋል። ካልሜት ቋጠሮውን በደንብ ያውቀዋል፤ የራሱ እጅ ሥራ ነው።

«ምን ይገትርሃል? ናሜሌ ነው፣ አይታለፍም» አለችው ከታች።

«አውቃለሁ፣ አክስቴ» አላት በአገሩ የአክብሮት አጠራር።

«ካወቅክ ውረድ። መንደሬ ድረስ በዚህ ቢሆን ግማሽ ቀን ነበር፤ በወንዙ ሁለት ቀን ነው። ዝናቡም እየመጣ ነው።»

ማወቁ ነው ጉዱ። ፈረንጅ ቢሆን አላወቅኩም ብሎ ባመለጠ። እሱ ግን የዚህ ደሴት ልጅ ባይሆንም የዚያው አገር ሰው ነው፤ ናሜሌ የታሰረበትን የአባቱን ማሳ በልጅነቱ ዞሮ ነበር የሚያልፈው። ከአምስት ዓመት በፊት፣ የኮሮና ወሬ በየሬዲዮው ሲናፈስ፣ ከጤና ቢሮ ተልኮ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር። ማስታወቂያ ቢለጥፍ ማንም እንደማይሰማው ገብቶታል። ስለዚህ የላይኛውን መንደር ሽማግሌ ሹም «መንገዱን በናሜሌ እንዝጋው» አላቸው። ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። «በሽታው የእናንተ ነው፣ ክልከላውም ያንተ ይሁን። አንተ እሰረው፤ ካሰረው በቀር የሚፈታው የለምና ሲያልቅ አሳማ አርደህ አንተው ፍታው» አሉት። አሰረው። ከተማ ተመልሶ ስብሰባ ላይ ሲያወራው ተጨበጨበለት። ከዚያ ሌላ ሥራ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። ረሳው እንዳይባል አልረሳውም፤ ትዝ ባለው ቁጥር «እስካሁን አንዱ ፈትቶታል» እያለ ራሱን ያባብል ነበር።

አሁን የመጣው ወረርሽኙ በጤና አገልግሎት ላይ ያደረሰውን ጉዳት ሊያጠና ነው። ከአሥራ ሁለቱ የተራራ መንደሮች አሥራ አንዱ ወደ ጤና ጣቢያው መመላለስ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ አንዱ፣ የላይኛው መንደር፣ ግን አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልላከም። በጥናቱ እቅድ ላይ «ክትባት ፈርተው ሳይሆን አይቀርም» ብሎ የጻፈው ራሱ ካልሜት ነው። መልሱ ዓይኑ ሥር ተንጠልጥሎ እያለ ቦርሳውን አስተካክሎ ኤልሲን ተከተለ። ለራሱም ፈሪነቱ ገባው።

ዝናቡ ከቀትር በኋላ ወረደ። ወንዙን ዘጠኝ ቦታ መሻገር ነበረባቸው፤ ሦስተኛው መሻገሪያ ላይ ሲደርሱ ውሃው ደፍርሶ ግንድ ያንከባልላል።

«ዮርዳኖስ ነው ስሙ» አለች ኤልሲ፣ የቀርከሃዋን አንድ ጫፍ እያቀበለችው። «ግን ማጥመቅ አያውቅም፣ ማስጠም ብቻ። እህቴ ሮዝሊን እዚህ ነው የቀረችው። ምጥ ይዟት ተሸክመዋት ሲወርዱ።»

ካልሜት የቀርከሃውን ጫፍ ያዘ። «መቼ?»

«ከሞተች ሦስት ዓመቷ። ያንን ቅጠል ያሰረውን ሰውዬ ባገኘው አንድ ነገር ነው የምጠይቀው፤ ስሙን። የምረግመውን ሰው ስም እንኳ አላውቅም።»

እዚያው ሊነግራት አፉን ከፈተ። እሷ ግን ውሃው ውስጥ ገብታለች። ወገቧ ድረስ እንደደረሰ እግሯ ከድንጋዩ ተንሸራተተ፤ ቀርከሃው አመለጣት። ካልሜት ዘሎ ገባ፣ ክንዷን ያዘ፣ ወንዙ ሁለቱንም ጠረጋቸው። ጉልበቱ ከቋጥኝ ጋር ተላተመ፤ አልለቀቃትም። ከታች አሸዋው ላይ ሲወጡ ለረጅም ጊዜ ሳሉ።

«ለከተማ ሰው እጅህ ብርቱ ነው» አለችው። «እግዜር ይስጥህ።»

ምስጋናው ከጉልበቱ ቁስል በላይ አመመው።

በማግስቱ ሸምበቆውን በቆንጨራ እየመነጠሩ ሲወጡ የዱር ኮርማ ገጠማቸው። ጥቁር ነው፣ አንድ ቀንዱ ተሰብሯል። አንገቱን ደፍቶ መሬቱን ጫረ።

«ቦርሳውን ጣለው» አለች ኤልሲ በሹክሹክታ። «ጣለውና ዋርካው ላይ ውጣ።»

ወረወረው። ኮርማው ቦርሳውን ወግቶ አነሳው፣ ዘነጣጠለው፣ የመጠይቅ ወረቀቶቹን በጭቃው ላይ በተናቸው። ካልሜት ከዛፉ ላይ ሆኖ ሁሉም በጠፉ ብሎ ተመኘ። ኮርማው ጥሏቸው ሲሄድ ግን ኤልሲ ወረደችና አንድ በአንድ ለቀመቻቸው፤ እያንዳንዱንም በቀሚሷ ጠረገችው። ከአርባው ስድስት ተረፉ። «የመንደሬ ሰው ቃል ይጻፍበታል ብለኸኛል» አለችው። ካልሜት ዓይኗን ማየት አቃተው።

መንደሩ በር ላይ ሹም ታቩ ቆንጨራውን ይዞ ጠበቃቸው። የዚያ የሽማግሌው ልጅ ነው፤ አባቱ አምና ነው ያረፉት።

«በየት መጣችሁ?»

«በወንዙ» አለች ኤልሲ።

«ቅጠሉን አልነካችሁም?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ፣ ታቩ?»

ታቩ ከመንገዱ ገለል አለ። የተጠበሰ ጎደሬ ቀረበላቸው። ከበሉ በኋላ ካልሜት ጭቃ የነካውን ወረቀት ዘረጋ። አሥራ አራተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ቀና ሳይል አነበበ።

«ወረርሽኙ ካለቀ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያው መሄድ ለምን ተዋችሁ? ክትባት ፈርታችሁ?»

ታቩ ሳቀ። «መቼ አለቀ? ያሰረው ሰውዬ ሲያልቅ እመጣለሁ ብሏል። አልመጣም፤ ስለዚህ አላለቀም። ሬዲዮው አለቀ አለ፣ መንገዱን ያሰረው ግን ሬዲዮው አይደለም። በወንዙ እንሂድ ብንል ሮዝሊንን በላብን። ከዚያ ወዲህ ከኤልሲ በቀር ማን ይደፍራል?»

ቀጥሎ በእጁ ወደ በረቱ አመለከተ። አንድ ያረጀ አሳማ ተጋድሟል፤ የታች ክራንቻው አድጎ፣ ዞሮ፣ መንጋጋውን ሊነካ ደርሷል። «ከተሜ ሰው አሳማ ከየት ያመጣል ብሎ አባቴ ነው ያሳደገለት። የሰውዬውን ስም አናውቅ፣ ፊቱም ተሸፍኖ ነበር። አሳማውን ዶክተር አልነው።»

ካልሜት አምስት ዓመት የፈጀውን የክራንቻውን ዙር አየ። ተነሳ፤ ተመልሶ ተንበረከከ። «ያ ሰው እኔ ነኝ» አለ። የተጨበጨበለትን ጭምር አንድም ሳያስቀር ተናገረ።

ታቩ መሬት መሬቱን አየ። ኤልሲ ግን ፊት ለፊቱ መጥታ ቆመች።

«ወንዙ ላይ እጄን ያዝክ። መገንጠያው ላይ ግን አፍህን ያዝክ።»

«አዎ፣ አክስቴ።»

«አክስቴ አትበለኝ።»

በዚያው ሌሊት መንደሩ በሙሉ አሳማውን አስቀድሞ በአጭሩ መንገድ ወርዶ ንጋት ላይ ቅጠሉ ዘንድ ደረሰ። ላስቲኩ በፀሐይና በዝናብ ቀልጦ ተጣብቋል። ካልሜት ቢላ ሲያወጣ ታቩ ያዘው። «በእጅ የታሰረ በእጅ ነው የሚፈታው።» ካልሜት በጥፍሩ ታገለው፣ በጥርሱ ሳበው፤ ከንፈሩ ደማ። ቅጠሉ ሲወድቅ ማንም አላጨበጨበም። አሳማው ታረደ። ከዚያ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ በሁለቱ እንጨቶች መካከል፣ ወደ ጤና ጣቢያው ወረዱ። ሣሩ ላይ ያለው ጤዛ ገና አልደረቀም። ኤልሲም ሮዝሊን በዚህ ብትወርድ ኖሮ እያለች ጤዛውን እያየች ቆማ ነበር።

ካልሜት ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አሥራ አራተኛው ጥያቄ ሥር፣ «ሌላ ምክንያት ካለ ይገለጽ» የሚለው መስመር ላይ ጻፈ።

«ይሄ ወረቀት ከተማ ይሄዳል?» አለች ኤልሲ።

«ይሄዳል።»

«ላጨበጨቡልህ ታነብላቸዋለህ?»

«አነብላቸዋለሁ።»

«መጀመሪያ ለእኔ አንብብልኝ።»

«መንገዱን አስሮ ሳይፈታ የቀረው ካልሜት ካሎሪብ ነው።» ድምፁ ስለተቆራረጠ እንደገና አስነበበችው። ከዚያ በእንጨቶቹ መካከል አለፈች። ቁልቁል ስትወርድ ስሙን ቀስ እያለች ለራሷ ስትደግመው ይሰማው ነበር።