ፊት ረጋጮች

የዘርማት ሕዝብ ከከተማይቱ ምንጭ ደም መሳይ ውሃ ሲፈልቅ ባየበት ማለዳ፣ በምንጩ ውስጥ ሆኖ ውሃውን የሚያጠራው የብርሃን ዕንቍ በረግረጉ ዘንዶ መሰረቁን አወቀ። ወጣቱ መስፍን ሐርቤል በንጉሡ ፊት ተንበርክኮ፣ «ዕንቍውን ሳልይዝ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ!» ሲል ማለ።

ሐርቤል ከወርቅ ዘር ነው። የወርቅ ዘር ከልደቱ ጀምሮ ግንባሩ ላይ የምታበራ ምልክት አለችው፤ በደረሰበት ሁሉ በር ይከፈትለታል። የአመድ ዘር ግንባሩ ባዶ ነው፤ ዕጣውም ፊት መርገጥ። ባልታወቀ መሬት ላይ ቀድሞ ይረግጣል፤ መሬቱ ከያዘ ጌታው ይከተላል። ሐርቤል ይህን ልማድ እንደ ፀሐይ መውጣት ቆጥሮት ኖሯል።

እህትና ወንድም የሆኑ ሁለት ረጋጮች አስከትሎ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ወንድምየውን ረግረጉ ዋጠው።

«ነፍሱን ይማር» አለ ሐርቤል ከልቡ አዝኖ። «ታማኝ ሰው ነበር።»

እህቱ ዶሪት የፊቷን ጭቃ ሳትጠርግ ቀና አለች። «ስሙን ያውቁታል፣ ጌታዬ?»

ሰባት ዓመት ፈረሱን የጫነለት ሰው ነው። ሰባት ዓመት «አንተ!» ሲለው ኖሯል።

«አላውቅም።»

«ኤልሻፍ ይባላል።»

 ደፋር ሲባል ያደገው ሐርቤል፣ በዕድሜው አንድም ጊዜ ሌላ ሰው ያልሞከረለትን መሬት አለመርገጡ ያን ጊዜ ታየው። ፈጣሪ አንዳንዴ ሰውን በመብረቅ ሳይሆን በጥያቄ ይገሥጻል። «ከእንግዲህ ፊት እኔ ነኝ!» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ገባ። ወዲያው እስከ ወገቡ ሰመጠ።

ዶሪት በበትሯ ጎትታ አወጣችው፤ ሐዘኗ ላይ ሳለች ሳቅ አመለጣት። «በኩራት አይገባም እኮ! በጣት ጫፍ ይዳሰሳል፣ ይደመጣል። ጭቃ ጌታ አያውቅም።»

«እንግዲያው አስተምሪኝ።»

ሐርቤል ሲወድቅ ሲነሣ ዘንዶው ከተኛበት ደሴት ደረሱ። ዘንዶው ዕንቍውን እንደታቀፈ፣ «ብርሃን ያለ ብርሃን አይለቀቅም» አለ። «የግንባርህን ስጠኝ። ከሰጠኸኝ ግን ምልክቷ አትመለስም።»

ሐርቤል ያለዚያች ምልክት ማን እንደሆነ አያውቅም።  ቢሆንም አጎነበሰ፤ ዘንዶው ላሰው፤ ግንባሩ ተቃጥሎ ጨለመ።

ዕንቍውን ይዘው ከከተማይቱ በር ሲደርሱ ዘበኛው ጦሩን አጋደመ። «ወዴት ወዴት? አመድ በጓሮ!»

ዶሪት እንደለመደችው ወደ ጓሮ ዞረች። «መስፍኑ ነኝ» የሚለው ቃል ሐርቤል ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ስሙን ቢጠራ ዘበኛው ይንበረከካል፤ ለእሱ ብቻ። ቃሉን ዋጠና የዶሪትን ክንድ ያዘ።

«ዕንቍውን ያመጣነው እኛ አመዶች ነን» አለ። «የምንገባውም በዚህ ነው።»

ዘበኛው ሲያመነታ፣ ከውስጥ የሰማች አንዲት የወርቅ ዘር እናት እንስራዋን አስቀምጣ የበሩን መወርወሪያ በገዛ እጇ ሳበችው።

ዶሪት ገባች። ሰፊው አደባባይ ከፊቷ ተዘረጋ። ተወልዳ ያደገችበት ከተማ ነው፤ ከዚህ በኩል ግን አይታው አታውቅም።

«ሐርቤል» አለች ዙሪያዋን እያየች፣ «ምንጩ በየት በኩል ነው?»