ቀዩ መድኃኒት

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ መጣ፤ ቶሎም ሄደ። የተገኘው እህል ጥቂት ነበር። ያንኑም አይጥ ተሻማው።

ማዘጋጃ ቤቱ ቀዩን የአይጥ መድኃኒት የከለከለው በዚሁ ዓመት ነው። መድኃኒቱን የበላ አይጥ ወዲያው አይሞትም። ደሙ አልረጋ እያለ ቀናት ይቆያል። እሱን የበላ ጉጉትና ጭልፊትም አብሮ ያልቃል። ጉጉቶቹ ካለቁ አይጡን የሚበላ የለም። ትእዛዙ ልክ ነበር። ያለው ሁሉ እንዲያስረክብ ተባለ፤ የእህል መጋዘኑ ኃላፊ ከሁሉ ቀድሞ አስረከበ።

አራት ወር ቆይቶ፣ እሁድ ማለዳ፣ ከአፉና ከአፍንጫው ደም እየፈሰሰ አልጋው ላይ ሞተ። ከመሞቱ በፊት «መድኃኒቱ ነው የገደለኝ» ሲል ሚስቱ ሰማች። አርብ ዕለት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ክኒን ሰጥታው ነበር። ነርሷን አሰሯት። ረቡዕ ፍርድ ቤት ልትቀርብ ነው።

መርማሪዋ ሰኞ ተጠርታ መጣች። አጭር፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ሰው ሲያወራ እጁን እንጂ ፊቱን አታይም።

«ምን ብሎ መጣ?» አለቻት ነርሷን።

«ድዴ ደማ አለ። ሆስፒታል ሂድ ብዬ ጻፍኩለት። ክኒኑ ቫይታሚን ነው።»

«ለምን አልሄደም?»

«ሥራ አለብኝ አለ።» ነርሷ ደረቅ ሳቅ ሳቀች። «እርስዎ ደግሞ ምን ያደክምዎታል? አባቴንም ያሰሩት እርስዎ ነዎት፤ በአንድ ቃል። ‹ወሰድኩ› አለ ብለው። የወሰደው የገዛ መጋዙን ነበር። ሌባ እንደተባለ ሞተ።»

መርማሪዋ ደብተሯን ዘግታ ወጣች።

ሟች ቤት ግቢ ውስጥ የትራስ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። መሐሉ ላይ ቡናማ እድፍ አለበት።

«ነስር ነው እህቴ» አለች ሚስቱ። «ባጥበው ባጥበው እምቢ አለኝ።»

«መቼ ነሰረው?»

«ሐሙስ ጠዋት። ውሃ የሚመጣልን ሐሙስ ብቻ ስለሆነ ያኔውኑ ነከርኩት።»

«ነርሷ የሰጠችውን ምን ብሎ ይጠራው ነበር?»

«ክኒን ነዋ! ሌላ ምን ይለዋል?»

«መድኃኒት የሚለውስ?»

«እሱማ የመጋዘኑን ነው። ማታ ሲገባ ‹መድኃኒት ነክቻለሁ፣ ልጆቹን እንዳታስጠጊብኝ› ይል…» ሴትየዋ አፏን በእጇ ያዘች።

የመጋዘኑ ባለቤት ነጋዴ ነው። ተመርዞ ነው የሞተው ስትለው ክፉኛ ደነገጠ።

«እሁድ? እኔ እኮ ቅዳሜም እሁድም ልጄ ዘንድ ነበርኩ! ደግሞ እኔ እንኳን ሰው አይጥም መግደል አቅቶኛል። ይኸው ጆንያዬን ሁሉ ወንፊት አድርገውታል።»

መርማሪዋ ከጆንያዎቹ ኋላ ቀይ ዱቄት ያለበት ከረጢት አየች። አፉ በሲባጎ ታስሯል።

«ይህስ?»

«ገዛሁት» አለ ነጋዴው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከማን እንደገዛው ግን አልተናገረም።

የተከለከለውን መድኃኒት የተረከበው የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ነው። እሱንም ያንኑ አለችው፤ ተመርዞ ነው የሞተው።

«ያሳዝናል» አለ፣ ብዕሩን እየከደነ እየከፈተ። «ባለፈው ሰኞ እዚህ ለጉዳይ መጥቶ ነበር። ውሃ እንኳ አብረን አልቀመስንም።»

መርማሪዋ ስትወጣ ሻይ የምታፈላውን ሴትዮ አገኘቻት።

«ባለፈው ሰኞማ ሁለት ሻይ አስገባሁ፤ ሁለት ባዶ ብርጭቆ አወጣሁ» አለች ሴትዮዋ። «ምነው፣ አልከፈሉም ተባለ እንዴ?»

ማክሰኞ ሁሉም የተረከበው መድኃኒት በሚቀመጥበት በማዘጋጃ ቤቱ መጋዘን ተሰበሰቡ። ነርሷንም በፖሊስ አመጧት።

«ሰውዬው የነሰረው ሐሙስ ነው» አለች መርማሪዋ። «ክኒኑን የወሰደው አርብ። ስለዚህ ነርሷ ጋ የሄደው ተመርዞ ነው። ክኒንን ክኒን ነው የሚለው፤ ‹መድኃኒት› በሱ አፍ ይሄ ቀዩ ነው። ቀዩ ደግሞ ቀን ይፈልጋል። ከእሁድ ወደኋላ ስንቆጥር ሰኞ ላይ እንደርሳለን።»

ከነጋዴው ያመጣችውን ከረጢት ለሟች ሚስት አሳየቻት።

«የሱ ቋጠሮ ነው» አለች ሚስቱ። «ግራኝ ነበር። እኔ እንኳ መፍታት ያቅተኝ ነበር።»

«አስሮ እዚህ ያስረከበው ከረጢት ነው። አንድ ቀን ያንኑ ከረጢት በጌታው በነጋዴው መጋዘን ውስጥ አገኘው። ማን ሸጠው ብሎ ለመጠየቅ ሰኞ እዚህ መጣ።» የተረከበው መድኃኒት አለባቸው ከተባሉት የታሸጉ ጆንያዎች አንዱን በቢላዋ ቀደደች። ሰጋቱራ ፈሰሰ። «ነጋዴው፣ ከማን ገዛህ?»

ነጋዴው ተቆጣጣሪውን እያየ «ከሳቸው» አለ።

«ነጋዴው ስለ እሁድ ነው የማለልኝ» አለች መርማሪዋ ወደ ተቆጣጣሪው ዞራ። «አንተ ግን ሻዩን ደብቀህ ስለ ሰኞ ማልክ። ሰኞን ማን ጠየቀህ?»

ተቆጣጣሪው የፈሰሰውን ሰጋቱራ በጫማው ወደ ጆንያው ገፋ።

«ልጆች አሉኝ» አለ።

«እሱም ነበሩት» አለች የሟች ሚስት።

ወሰዱት። የነርሷ እጅ ተፈታ። ሌሎቹ ሲወጡ መርማሪዋ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት። አባቷ እንዳልሰረቀ፣ ስህተቱ የመርማሪዋ እንደሆነ በእጇ ጽፋ ፈርማበታለች።

ነርሷ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ቀን የለውም።»

መርማሪዋ ብዕሯን አውጥታ የዛሬውን ልትጽፍ ጀመረች።

«የዛሬውን አይደለም» አለች ነርሷ። «ያወቁበትን ቀን ይጻፉ።»

መርማሪዋ የጀመረችውን ሰረዘች። ከዚያ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የነበረ ቀን ጻፈች። ያን ጊዜ አባትየው ገና በሕይወት ነበር።