ቀያዮቹ ነጥቦች

ወፊት ሙዚቃ ክፍሉ ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ዘፈኑን መሐል ላይ አቋረጠች። አፏ ተከፍቷል፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ሰማያዊዋን የአስም መድኃኒት ከዩኒፎርሟ ኪስ አውጥታ ሁለቴ ሳበች።

«እንደገና» አለች።

«ትንሽ እረፊ እንጂ» አለቻት እርሳስ።

እርሳስ መቼም የእናት የአባት ስም አይደለም። ቀጭን ስለሆነችና ከጆሮዋ ጀርባ እርሳስ ስለማይጠፋ ሰባተኛ ክፍል እያሉ የወጣላት ነው፤ ያወጣችላትም ወፊት ናት። ወፊትን ወፊት ያለቻት ደግሞ እርሳስ። አንዷ ግጥም ትጽፋለች፣ ሌላዋ ትዘፍናለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዷን ያለ ሌላዋ የጠራ ሰው አልነበረም።

አሠራራቸው የራሳቸው ነበር። ከትምህርት በኋላ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለው ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ። እርሳስ አንድ ስንኝ ታነባለች፤ ወፊት ታንጎራጉረዋለች። የወፊት ትንፋሽ ያለቀበት ቦታ ላይ እርሳስ በቀይ እስክሪፕቶ ነጥብ ታደርጋለች። ከነጥቡ ያለፈ ቃል፣ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ ይቆረጣል። እርሳስ እየተነጫነጨች ትቆርጠዋለች፤ ወፊት እየሳቀች «አቦ አትሰስቺ!» ትላታለች።

ዘንድሮ ግን ወፊት ታማ ሁለት ሳምንት ቀረች። የትምህርት ቤቱ የዓመት መዝጊያ በዓል ዘፈን ደግሞ መድረስ ነበረበት። እርሳስ የእናቷ አሮጌ ስልክ ላይ ግጥም ሲሰጡት ዜማ አውጥቶ የሚዘፍን የኤአይ መተግበሪያ ጫነች። ለሙከራ ብቻ ነው፤ ወፊት ስትመጣ ዜማው ምን እንደሚመስል ሰምታ እንድታጠናው። «ቀስ ያለ፣ የሴት ድምፅ፣ በጊታር» ብላ ጻፈችለት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። የራሷን ቃላት ከስልኩ ስትሰማ ሰውነቷን ወረራት።

ከዚያ እስቲ ይሞከር ብላ ረዘም ያለ ስንኝ ሰጠችው። ዘፈነው። ከዚያም የረዘመ ሰጠችው። ያንንም ዘፈነው። የሚያስል የለም፣ የሚቆረጥ ቃል የለም። እርሳስ ደስታዋን አልቻለችውም፤ ይሄ መካድ የለበትም። በሦስት ቀን ውስጥ ዘፈኑን ጨረሰችው፤ ቀዩን እስክሪፕቶ ግን አንድም ቀን ከቦርሳዋ አላወጣችውም።

አሁን ወፊት ያንን ዘፈን ለመዝፈን አራተኛ ጊዜ ሞክራ አራተኛ ጊዜ ቆመች። ሁለት ቁልፍ የጎደለው ኪቦርድ ፊት የተቀመጠው የሙዚቃ መምህር እጁን አነሳ።

«በቃ ልጄ፣ አትጎጂ። ስልኩ ላይ ያለው ያለቀ ሥራ ነው። አርብ በመዝጊያው እሱን በስፒከር እንለቀዋለን፤ አንቺ መድረኩ ላይ ቆመሽ አፍሽን ብቻ ታንቀሳቅሻለሽ። ማን ያውቃል?»

መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። የመሰለውን ነው የተናገረው። ወደ እርሳስ ዞረና «የግጥሙ ባለቤትስ ምን ትላለች?» አላት።

ወፊትም አየቻት። እርሳስ ጫማዋን ማየት ጀመረች። «አይሆንም» ለማለት አንድ ቃል ይበቃት ነበር።

«እንጃ… ስልኩ ላይ ግን ያምራል» አለች።

ወፊት የግጥሙን ወረቀት ከፍ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ገልብጣም ጀርባውን አየች።

«ነጥቦቹ የታሉ?»

«የምን ነጥቦች?»

«ቀያዮቹ።» ድምፅዋ ቀጠነ። «ለማን ነው የጻፍሽው?»

«ላንቺ ነዋ!»

«ሙድ አትያዢብኝ። እዚህ ውስጥ እኔ የምተነፍስበት ቦታ የለም።»

ወረቀቱን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጣ ወጣች። በሩን እንኳን በኃይል አልዘጋችውም። እርሳስ ተከትላት መሮጥ ነበረባት። ባለችበት ቀረች።

ቤት ስትደርስ እናቷ የሰው ቀሚስ እየሰፋች ነበር። እርሳስ ከአልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ ስልኩን ከፈተችና ከዘፈኑ ጋር አብራ ዘፈነች። አንደኛውን ስንኝ ተወጣችው። ሁለተኛው ላይ ፊቷ ጋለ። ሦስተኛው ሳያልቅ ደረቷ ተቃጠለና አቆመች፤ እሷ ደግሞ አስም የለባትም። ድምፁ ጥሏት ሄደ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ መዝፈኑን ቀጠለ። እርሳስ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና አለቀሰች።

የስፌት መኪናው ቆመ። «ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?»

«ወፊትን ረሳኋት እማዬ።»

«የት?»

«ዘፈኑ ውስጥ።»

እናቷ ነገሩ አልገባትም። ቢሆንም መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና ለቅሶው እስኪወጣላት ጀርባዋን ዳበሰቻት።

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ እርሳስ የወፊትን ቤት በር አንኳኳች። በእጇ አዲስ የተጻፈ ግጥም ይዛለች። ስንኞቹ አጫጭር ናቸው፣ በየመሐሉም ቀይ ነጥብ አለ። የከፈተችው የወፊት አክስት ናት።

«ተኝታለች የኔ እናት» አለች አክስት።

ከመጋረጃው ኋላ ሳል ተሰማ። ሁለቱም ሰሙት። አክስት አንገቷን ደፋች፤ እርሳስ ወረቀቱን ሰጥታት «ስትነሳ ስጫት» አለች። ትንሽ ቆማ ጠበቀች። መጋረጃው አልተነቃነቀም።

አርብ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የሙዚቃ መምህሩ በሰው መሐል እየተሹለከለከ መጥቶ እጁን ዘረጋ። «ስልኩን አምጪ፣ ቀጥሎ እናንተ ናችሁ።»

«አጠፋሁት ቲቸር።»

«ታዲያ ክፈቺዋ!»

«ስልኩን ሳይሆን ዘፈኑን።»

«አበድሽ እንዴ? ፕሮግራም ተይዞ?»

«የወፊት ዘፈን ነው። እሷ ካልዘፈነችው ይቅር።» ቃሏን አላጠፈችም።

መምህሩ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ወፊት ሦስት ረድፍ ቀደም ብላ ከሌሎች ልጆች ጋር ተቀምጣለች። የእርሳስ ወረቀት እጇ ላይ የለም። መድረክ መሪው የዘፈኑን ርዕስ ዘሎ የዘጠነኛ ክፍልን ድራማ ሲጠራ የወፊት ትከሻ ትንሽ ከፍ አለ፣ ወረደ። ዞራ ግን አላየቻትም።

አላየቻትም። እርሳስ ድራማው እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ድራማው አለቀ፣ ሰው አጨበጨበ፣ ወፊትም አጨበጨበች። እርሳስ እንባዋ ጉልበቷ ላይ የከፈተችው ደብተር ላይ እንዳይወድቅ በእጅጌዋ ጠረገችና ከጆሮዋ ጀርባ እርሳሷን አወረደች።

«ደጅሽ ላይ ቆሜ ስምሽን ስጠራ» ብላ ጻፈች።

የወፊትን ጀርባ እያየች፣ በወፊት ትንፋሽ ልክ፣ ለራሷ ብቻ አንጎራጎረችው። ይረዝማል። «ስምሽን ስጠራ» የሚለውን ሰረዘች፤ «ደጅሽ ላይ ቆሜ» የሚለው ጋ ስትደርስ እረፍት እንደሚያስፈልግ አወቀች። ከቦርሳዋ ቀዩን እስክሪፕቶ አውጥታ እዚያች ቦታ ላይ ነጥብ አደረገች።